አድራሻ፦ አውቀዋለሁ

መርዶው ሲደርሳት ታናሽየዋ መሰላል ላይ ነበረች። ሦስተኛው እርከን ላይ ቆማ፣ አንድ ካርድ በጥርሷ ነክሳ፣ ሌላውን ከላይኛው መደርደሪያ ትስባለች። ካርድ በጥርስ መያዝ የሃያ ዓመት ልማዷ ነው፤ አንዱ እጅ ለመሰላሉ፣ ሌላው ለመደርደሪያው ያስፈልጋልና። የሆስፒታሉ በር ጠባቂ፣ ሰው ሁሉ «አባባ» የሚላቸው ሽማግሌ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ካርድ ክፍል ገቡ። አባባ ኮፍያ የሚያወልቁ ሰው አልነበሩም።

«ልጄ፣ እስቲ ውረጂ።»

«ይቺን ላውጣና።»

«ውረጂ ስልሽ። እህትሽ… አውቶብስ መጠበቂያው ጋ ወደቀች አሉ። ሐኪም ደርሶላት ነበር። አልሆነም።»

ታናሽየዋ አልጮኸችም። ካርዱን ከአፏ አውጥታ ቁጥሩን አየችና ከቦታው መለሰችው። ሌላውንም መለሰች። ከዚያ መሰላሉን ይዛ ቀስ ብላ ወረደች። በኋላ «ምን ያለች ደረቅ ናት» ብለው ያሟት ነበሩ። እሷ ግን ያን ጊዜ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያለቦታው የገባ ካርድ ተመልሶ አይገኝም።

የሞተችው እህቷ በዚያው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ነበረች። ከዘበኛ እስከ ሐኪም ሁሉም «እትዬ» ይሏታል፤ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ። እሷ በተራዋ ታናሽ እህቷን፣ ሃምሳ ሊሞላት አራት ዓመት የቀራትን ሴት፣ በሰው ፊት «ሚጣ» እያለች ትጠራታለች። «እባክሽ በሥራ ቦታ እንኳ ተይኝ» ስትባል «እሺ ሚጣ» ትላለች።

እትዬ ወደዚያ ክፍል የገባችው በቅጣት ነው። በፊት ማዋለጃ ክፍል ትሠራ ነበር፤ ከነርሶች አለቃዋ ከሜትሮኗ ጋር በአንድ አንሶላ ምክንያት ተጣላችና ለአንድ ዓመት አዛወሯት። ዓመቱ ሲያልቅ «ቅጣትሽን ጨርሰሻል፣ ተመለሺ» ቢሏት «እኔ ጨርሻለሁ፤ ሰዎቼ ግን አልጨረሱም» አለች። እንዲህ እንዳለች ሃያ ስድስት ዓመት ቆየች።

ልጃቸውን ወይ ሚስታቸውን ይዘው ግራ ገብቷቸው ለሚመጡ ሰዎች ስታስረዳ፣ ታናሽየዋ ካርድ ልታደርስ ስትገባ ብዙ ጊዜ ሰምታታለች።

«ክኒን አለ፣ መርፌ አለ፣ ወሬ አለ» ትላለች እትዬ።

«ወሬ?»

«ወሬ። ተቀምጦ ማውራት። ዶክተሩ የምክር ሕክምና ይለዋል። ያው ነው፤ እኔ ጋ ሲሆን ትንሽ ሳቅ አለበት።»

አንድ ጊዜ አንድ አባት ተቆጥቶ «ልጄ ላይ ኤሌክትሪክ ልትለቁበት ነው አሉ!» ብሎ ተነሳባት።

«ዶክተሩ ያስፈልገዋል ካለ ብቻ ነው፤ ያውም ማደንዘዣ ወስዶ፣ ተኝቶ። ለሁሉም ሰው አይሰጥም። እርስዎ ጥርስዎን ሲነቀሉ አደንዝዘውዎት የለ?»

«የእኔ ጥርስ በራሱ ጊዜ ነው የወደቀ።»

«እንግዲያው ከእኛም ከሐኪሙም የበረቱ ነዎት፤ ልጁን ለእኛ ይተዉልን» አለችው። አባትየው ሳቀና ቁጭ አለ።

የቱ ይሻላል ብለው ሲያስጨንቋት ግን አትቀልድም። «እንደ ጫማ ነው። እግሩን ሳላይ ቁጥር አልነግርዎትም። እግሩ ብቻም አይደለም፤ የሚሄድበትንም መንገድ ማየት አለብኝ» ትላለች። መንገድ የምትለው የሰውየውን ኑሮ ነው፦ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ክኒኑን የት እንደሚያስቀምጥ፣ ቢታወቅበት ምን እንደሚያጣ።

ዘጠኝ ሰዎች ነበሯት፣ መታወቅን ከበሽታው ይበልጥ የሚፈሩ። ክኒን ቤት ውስጥ መደበቅ ያልቻሉ፣ ሐኪሙ በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ መርፌ ያዘዘላቸው። እነዚህ ሰዎች በአእምሮ ሕክምና ክፍል በር አይገቡም። እትዬ በቀጠሯቸው ቀን ብልቃጡን ይዛ ወደ ቁስል ማጠቢያው ክፍል ትሄዳለች፤ እዚያ ይጠብቋታል። መድኃኒቱ ዘይትነት አለው፣ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ሲገባም ያማል። ስለዚህ ብልቃጡን በመዳፏ ይዛ እስኪሞቅ እያወራች ትቆያለች። ወግታ ስትጨርስ በደኅናው ጣታቸው ላይ ፕላስተር ትጠቀልላለች። ሰፈር ውስጥ «የት ነበርክ?» ያላቸው ሰው ቢኖር ጣታቸውን ያሳያሉ።

ካርዳቸውም እንደዚሁ ነበር። በስም ቦታ ቅጽል ስም፦ ጎማው፣ መምህሩ፣ ባለ ጃንጥላዋ። በአድራሻ ቦታ ደግሞ ዘጠኙም ላይ፣ በዚያ ሰፋ ብሎ ወደ ግራ በሚያጋድል ጽሕፈቷ፣ «አውቀዋለሁ» የሚል አንድ ቃል ብቻ።

ታናሽየዋን ይህ እንቅልፍ ይነሳት ነበር። ከመሞቷ ከሁለት ወር በፊት ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ተጣላቻት።

«እትዬ፣ ይሄ አድራሻ ነው? አንቺ ብትታመሚስ? እግርሽ ቢሰበርስ?»

«ለአንቺ ልነግርሽ እችላለሁ። ቁጭ በይ፣ አንድ በአንድ ልንገርሽ፤ በጭንቅላትሽ ያዢው።»

«ካልጻፍኩት ምን ያደርግልኛል?»

«ከጻፍሽው አልነግርሽም። ቃል ገብቼላቸዋለሁ።»

«እንግዲያው አትንገሪኝ» አለች ታናሽየዋ። «ያልተጻፈ ነገር መስማት አልፈልግም። ካርድ ክፍል ነው የምሠራው።»

እትዬ ትከሻዋን ነቅንቃ «እሺ ሚጣ» አለችና ካርዶቿን ሰብስባ ወጣች።

ከሐዘኑ በኋላ፣ በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ፣ ታናሽየዋ ሥራ ስትገባ መጀመሪያ ያወጣችው እነዚያን ዘጠኝ ካርዶች ነው። በእህቷ ቦታ ከቀዶ ጥገና ክፍል አንድ ነርስ ተመድቧል፤ ሥራውን የሚያከብር፣ ንግግር የሚያጥረው ጎልማሳ። ካርዶቹን አገላብጦ አይቶ «እነዚህ ሰዎች የት ነው ያሉት?» አላት። ታናሽየዋ ካርዶቹን መልሳ ተቀበለችው።

ከዘጠኙ አብዛኞቹ ራሳቸው መጡ። በሆስፒታሉ በር ላይ የተለጠፈውን የሐዘን ማስታወቂያ፣ ከፎቶዋ ጋር፣ አይተው አንገታቸውን ደፍተው የገቡ ነበሩ። ጎማው፣ ጎማ የሚጠግን ግዙፍ ሰው፣ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ቆሞ አለቀሰና «አሁን ማነው እጁ ሙቅ የሆነ?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩን አባባ በመልክ ያውቁት ስለነበር መንገድ ላይ ጠብቀው ይዘውት መጡ። እስከ ሐሙስ ስምንቱ ተገኙ፣ ተወጉ፣ ጣታቸው ተጠቀለለ።

አንዷ ቀረች። ካርዷ ላይ «ልብስ ሰፊዋ» ይላል። እትዬ ከሥር እንዲህ ጽፋ ነበር፦

«ክኒን ሞከርን፤ አማትየዋ ሳጥኗን ትፈትሻለች፣ ስለዚህ አቋረጠች። መርፌ ራሷ መረጠች። ጥሩ ናት። ባልየው አያውቅም፤ ካወቀ ልጄን ይወስድብኛል ትላለች። ከማግባቷ በፊት መድኃኒት አቁማ ጠፍታ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ወንዝ ዳር ተገኘች። አሁን የስምንት ወር ሕፃን አላት። ወሬ ይቀጥል።»

ቀጠሮዋ እትዬ በሞተች በአምስተኛው ቀን ነበር።

ታናሽየዋ ካርዱን ይዛ ሐኪሙ ጋ ገባች። «ስንት ቀን አለን፣ ዶክተር?»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። «መድኃኒቱ ከሰውነት ቀስ እያለ ነው የሚያልቀው። አንዳንዱ ሰው ሁለት ሦስት ሳምንት ይታገሳል፤ እሷ ግን ከዚህ ቀደም ቶሎ ነው ያገረሸባት። ከሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ካለፈ ዋስትና አልሰጥሽም። እንቅልፍ ማጣት ትጀምራለች። ከዚያ የሌለ ድምፅ መስማት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወንዙን አንብበሽዋል።»

በሥራ ዘመኗ ሁሉ የጠፋ ነገር ስትፈልግ ጮክ ብላ ነው የምትጠይቀው፤ አሁን ግን መጠየቅ አይቻልም። «መርፌ የምትወጋ ልብስ ሰፊ ታውቃላችሁ?» ብላ አንድ ቦታ ከተናገረች፣ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤቷ ይገባል። የሴትየዋን መልክ እንኳ አታውቀውም። ስትመጣ ከዋናው በር ቀጥታ በሕንፃው ጓሮ ዞራ ነው ወደ ቁስል ማጠቢያው የምትገባው፤ ካርዷን የምታወጣላትም እትዬ ነበረች።

ሐሙስ ከሰዓት ታናሽየዋ እትዬ ቤት ሄዳ ቁም ሣጥኗን ከፈተች። አንድ ግራጫ ቀሚስ አወጣች፣ እትዬ ከነጭ ጋወኗ ሥር የምትለብሰውን። እትዬ በቁመት ትበልጣት ስለነበር ቀሚሱ እውነትም ማጠር ነበረበት። በላስቲክ ጠቅልላ ይዛው ወጣች።

በስድስት ቀን አሥራ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ገባች። ሥራ ስትወጣ፣ በምሳ ሰዓት፣ እሑድ ቀኑን ሙሉ። ቀሚሱን ዘርግታ «ለመቼ ይደርስልኛል?» ትላለች፣ ዓይኗ ግን ሴቶቹ ላይ ነው። አንዲቱ በጣም የምታዛጋ አገኘችና ልቧ ዘለለ፤ ነፍሰ ጡር ሆና ተገኘች። ሌላዋ ለብቻዋ ታወራለች ብላ ጠጋ ስትል በጆሮዋ ስልክ ሰክታለች። «ተመልሼ እመጣለሁ» እያለች ቀሚሱን ጠቅልላ ትወጣለች። የሚገርመው፣ እህቷ ከሞተች ወዲህ እንባ ያልወጣት ሴት፣ ከሰባተኛው ሱቅ ስትወጣ አንድ ወንድ ሰፊ «ይሄ ቀሚስ ያንቺ አይደለም አይደል?» ሲላት መንገድ ዳር ቆማ አለቀሰች።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት አሥራ ሁለተኛው ጋ ደረሰች። ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ሰው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ይቆርጣል። መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ የስፌት መኪና ያለማቋረጥ ይሮጣል። ደጃፉ ላይ አንዲት አሮጊት ሕፃን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

«ግቢ፣ ግቢ» አሏት። «ሰፊዋ አለች። እድለኛ ነሽ፣ ሰሞኑን ጣቷ ደኅና ነው።»

«ጣቷ ምን ሆኖ ነበር፣ እናቴ?»

«ትወጋዋለቻ! ወር በመጣ ቁጥር ፕላስተር ጠቅልላ ትመጣለች። ሰፊ ነኝ ትላለች። እኔ ዓይኔ ፈዞ እንኳ ስሰፋ አንድ ቀን ደም አይቼ አላውቅም።»

ጨርቅ የሚቆርጠው ልጃቸው፣ የሰፊዋ ባል፣ ከመቀሱ ቀና ሳይል «እማዬ፣ ደንበኛ አታባርሪ» አለ። «እሱም ቀርቷል አሁን። ወር ተኩል ሆናት፣ አንድ ቀን አልተወጋችም። ተሻሽላለች።»

ታናሽየዋ ላስቲኩን ፈታች። ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ቀሚስ ላሳጥር ነበር» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

መኪናው ቆመ። መጋረጃው ተገለጠና አንዲት ቀጭን ሴት ወጣች፣ ሜትር አንገቷ ላይ፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ። ቀሚሱን ተቀብላ በሁለት ጣቷ ስፌቱን ዳሰሰች። ብዙ ቆየች። ከዚያ «ልበሽውና ልለካው» አለችና ወደ መጋረጃው ውስጥ አስገባቻት።

ተንበርክካ ጫፉን ታጥፍ ጀመር። ስፒሎቹን በጥርሷ ነክሳለች። በዚያው በከንፈሯ ጥግ፣ በጣም በዝግታ፣ «ይሄ የእትዬ ነው» አለች።

«የእሷ ነው። እህቷ ነኝ።»

ሰፊዋ ቀና አለች። «ሚጣ?»

እትዬ ከሞተች ወዲህ በዚህ ስም የጠራት ሰው አልነበረም። ታናሽየዋ ጭንቅላቷን ብቻ ነቀነቀች።

«ፎቶዋን በሩ ላይ አየሁት» አለች ሰፊዋ ስፒል እየሰካች። «በቀጠሮዬ መጥቼ። ውሸት ነው ብዬ ተመለስኩ። ትናንት እንኳ አውርታኛለች።»

«የት?»

«መኪናው ውስጥ። ስረግጠው።»

እትዬ ስለዚህ ምን እንደምትል ታናሽየዋ ታውቃለች። አትከራከሪ፣ አትስማሚም፤ እንዴት እንደሆነች ጠይቂ። ስንት ጊዜ ሰምታታለች። ነገር ግን ከአፏ የወጣው ሌላ ነበር። የወጣውም ከሆስፒታል ሠራተኛነት ሳይሆን ከእህትነት ነው።

«ምን አለችሽ?»

«አትሂጂ አለችኝ። ሌላ ሰው መርፌው ውስጥ ምን እንደሚጨምር አይታወቅም አለችኝ።»

ታናሽየዋ ዓይኗን ጨፈነች። እትዬ እንዲህ አትልም። በሃያ ስድስት ዓመት ለአንድ ሰው እንኳ መርፌህን አትወጋ ብላ አታውቅም። የእህቷን ቃል ልትሰማ ለአፍታ ጓጉታ ነበርና፣ እንደገና የሞተችባት ያህል ሆነ። «ትተኛለሽ?» ብላ ጠየቀች በመጨረሻ።

«ሕፃኑ ይተኛል።»

«አንቺስ?»

ሰፊዋ ጫፉን አጠፈች። ውጪ መቀሱ ጨርቁን ይቆርጣል።

«እንዲህ ደክሞሽ አይሆንም» አለች ታናሽየዋ። «ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቁስል ማጠቢያው ክፍል እጠብቅሻለሁ። እንደ ድሮው።»

ሰፊዋ አንድ ስፒል ሰካች፤ ነቀለችው፤ መልሳ ሰካችው። «ሴት ትሁን።»

«ሴት ትሆናለች።»

«በእጇ ታሙቀው።»

«እነግራታለሁ።»

«ፕላስተርም።»

«ፕላስተርም። አንቺ የፈለግሽው ጣት ላይ።»

ከመጋረጃው ሲወጡ ባልየው «መቼ አልሻት?» ብሎ ጠየቀ። «ቅዳሜ» አለች ሚስቱ። ጫፉ በአንድ በኩል ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ብሎ ነበር የተሰካው። ባልየው አየው፣ ግንባሩን ቋጠረ።

ሐኪሙ ነገሩን ሲሰማ ወንበሩን ገፋ። «ድምፅ ጀምሯታል ማለት ነው። ሕፃን አለ ቤት ውስጥ። አድራሻውን ስጪኝ፣ ባልየውን እናነጋግር።»

«እስከ ቅዳሜ ይስጡኝ፣ ዶክተር።»

«ብትጎዳስ? ሕፃኑ ቢጎዳስ?»

«እስከ ቅዳሜ። ራሷ እመጣለሁ ብላለች። በሰው ፊት ካዋረድናት ሁለተኛ ከማናችንም አትወጋም።»

ሐኪሙ ወንበሩን መልሶ ሳበ። «ቅዳሜ ስድስት ሰዓት» አለ። «ከዚያ በኋላ ምስጢር አልጠብቅም። እስከዚያ በቀን ሁለት ጊዜ በዚያ በኩል እለፊ። አንድ ነገር ካየሽ ዛሬም ሆነ ነገ ደውይልኝ።»

ሐሙስና ዓርብ በዚያ በኩል አራት ጊዜ አለፈች። መኪናው ይሮጣል፤ ሕፃኑ አሮጊቷ እጅ ላይ ነው። አዲሱ ነርስ ሳይከፋው ተራውን ለቀቀ፤ ከማዋለጃ ክፍል አንዲት ሴት ነርስ ተለመነች፣ እትዬ ያስተማረቻት። ዓርብ ማታ ታናሽየዋ ብልቃጡን እንዴት እንደሚያሞቁት አሳየቻት። «አታስተምሪኝ፣ እሷ ናት ያስተማረችኝ» አለቻት ነርሷ ፈገግ ብላ፤ ግን መዳፏን ዘርግታ ተቀበለቻት።

ቅዳሜ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ሁለቱ ቁስል ማጠቢያው ክፍል ተቀመጡ። ፕላስተሩ ተቆርጦ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ነርሷ ብልቃጡን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ታዘዋውራለች። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ተኩል። ኮሪደሩ ላይ እርምጃ በተሰማ ቁጥር ሁለቱም ይነሳሉ፤ አንዴ የጽዳት ሠራተኛ፣ አንዴ እጁ የተቃጠለ ሰው። አራት ተኩል ላይ ታናሽየዋ ወደ በሩ ሮጠች።

«አባባ፣ አንዲት ሴት አልመጣችም? ቀጭን፣ ከሲታ?»

«ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች? መጥታ ነበር። እዚህ ቆመች፣ የእትዬን ፎቶ አየች፣ አናገረችው መሰለኝ። ግቢ ልጄ ብላት ጥላኝ ተመለሰች። አሁን አሁን ነው።»

«ሕፃን ይዛ ነበር?»

«አልያዘችም።»

የሐዘን ማስታወቂያውን ሳታነሳው መቅረቷ ያን ጊዜ ነው የገባት። ሥራ ከተመለሰች ጀምሮ በአጠገቡ ስታልፍ ዓይኗን ወደ ሌላ እያዞረች ነበር፤ ማውረድ ማመን መስሏት። አሁን በሁለት እጇ ላጠችው፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ነርሷን ጠራቻት። ነርሷ ብልቃጡን በመዳፏ እንደጨበጠች፣ መርፌውን በቦርሳዋ ይዛ፣ ተከተለቻት። ጋወኗን አውልቃለች፤ ለሚያያት ቀሚስ ልትቀበል ከእህቷ ጋር የመጣች ሴት ናት።

ሱቁ ጋ ሲደርሱ ከአምስት ሰዓት ሃያ ደቂቃ አልፏል። አሮጊቷ ሕፃኑን ታቅፈው ደጃፉ ላይ አሉ። ባልየው የለም። ከመጋረጃው በስተጀርባ መኪናው ይሮጣል፣ ያለ እረፍት፣ ጨርቅ እንደሌለው መኪና ባዶውን።

«ደርሶልሻል መሰለኝ» አሉ አሮጊቷ። «ከመጣች ጀምሮ እሱን ነው የምትሰፋው።»

ታናሽየዋ መጋረጃው ላይ እጇን አሳረፈች።

ሐኪሙ ለቆረጠው ለስድስት ሰዓት ገና ሠላሳ ሰባት ደቂቃ ቀርቷል። ቀሚሱ አላጠረም። መርፌው አልተወጋም። ካርዱ ላይ በአድራሻ ቦታ ከእትዬ ጽሕፈት ሌላ የተጻፈ ነገር የለም።